በደቅ የሰማሁት፣ ያልጻፍሁት

የመነሻው ስልክ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምሁ፣ በግንቦት ሙቀትም እያንጎላጀሁ ሳለ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ከጀርባው ነፋስና የዶሮ ጩኸት ይሰማል። «እቴ፣ እኔ ነኝ። የሺ። የደቋ የሺ» አለችኝ። ከተለያየን አሥራ አምስት ዓመት አልፎናል፤ ድምፅዋን ግን ወዲያው አወቅሁት።

«ልጄ ውባለም ከባሏ ቤት ወጥታ መጥታለች። ፊቷን ባየሽው! እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ሊመልሷት ነው። ያኔ መንገድ ላይ የነገርሁሽን ጽፈሽው የለ? ደብተሩን ይዘሽልኝ ነይ። በሽማግሌ ፊት ይነበብልኝ።»

«እመጣለሁ» አልሁ። ስልኩን ዘግቼ ደብተሩን ከአሮጌ ወረቀቶቼ መሐል ፈልጌ አወጣሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ሶሺዮሎጂ አስተምራለሁ። ያኔ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ማሟያ የሽማግሌዎችን የእርቅ ሥርዓት ላጠና ወደ ደቅ ደሴት ሄጄ ነበር። የሺን ባሏ አቶ ጫኔ ደብድቧት እናቷ ቤት ገብታለች። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው አስታረቋቸው። ጫኔ ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ሥር ተንበረከከ፤ እሷ ድንጋዩን ከትከሻው ላይ አነሳች፤ ዳግመኛ እንዳይመታት ዋስ ጠራ፤ ወደ ቤቷም ተመለሰች። ይህን ሁሉ በአንድ አረንጓዴ ደብተር ጻፍሁ። በጥናቴ ውስጥ የሺ «ባለጉዳይ አራት» ትባላለች። ውጤቴ በጣም ጥሩ ነበር፤ አማካሪዬ እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝ፣ እኔም በደስታ ክንፍ አውጥቼ ሰነበትሁ።

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ቤቴ ዘንዘልማ ነው፤ በቅርቡ የዳጉሳና የበቆሎ ማሳ የነበረ አዲስ ሰፈር። ቤቶቹ ግድግዳ ይጋራሉ። ከእኔ ግድግዳ ማዶ ሜሮን የምትባል የቢሮ ሠራተኛ ከባሏ ጋር ትኖራለች። እነሱ ቤት ጠብ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰማው ቴሌቪዥኑ ነው፤ ባልየው ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። እኔም የእኔን ከፍ አደርጋለሁ። ከዚያ ማዶ ያሉትም እንደዚያው። አንዳንድ ምሽት ግቢው በሙሉ ዜና ያዳምጣል። በነጋታው ሜሮን ሻሿን ዝቅ አድርጋ ትወጣለች፤ «እንደምን አደርሽ?» እላታለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ አለቀ። እኔ እኮ የቤት ውስጥ ጥቃትን በሳምንት ሦስት ቀን የማስተምር ሰው ነኝ!

በዚያ ንጋት ደጇ ዝግ ነበር። ቦርሳዬን ይዤ አለፍሁ። ከመንገዱ ጫፍ አንድ ባጃጅ በመቶ ብር ተኮናተርሁ። ሹፌሩ ወሬኛ ነው፤ ገና አስፋልቱ ሳንደርስ «ወዴት ነው ጉዞው?» አለኝ።

«ደቅ።»

«ለንግሥ?»

«ለሽምግልና።»

«የመሬት ነው?»

«የባልና ሚስት።»

«ኧረ እሱማ ቀላል ነው! እስከ ምሳ ይታረቃሉ» አለና ሙዚቃውን ከፈተ። እንዴት እንደቀናሁበት! እኔም አንድ ሰሞን እንደሱ ነበርሁ።

ከተማዋ ገና አልነቃችም። ዘንባባዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ነፋስ የለም። አንዲት ሴት ከፊት ለፊታችን አስፋልቱን ትጠርጋለች፤ መጥረጊያዋ ሲሄድና ሲመለስ የሚያሰማው ድምፅ ባጃጁ ካለፈ በኋላም ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ውኃው የት አልቆ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይለይም ነበር።

ጀልባው ላይ

የሕዝቡ ጀልባ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል ተብሎ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። ሦስት መቶ ብር ከፍዬ ከቆጋ መስኖ በመጣ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። ሲሚንቶ አለ፣ የዘይት ጀሪካን አለ፣ የታሰሩ ፍየሎች አሉ፤ አንድ ቄስም ጃንጥላቸውን አቅፈው ተኝተዋል። ሞተሩ ሲያጉረመርም ከእግሬ ጣት እስከ ጥርሴ ያንዘፈዝፈኛል።

ዘጌን እንዳለፍን ደብተሩን አወጣሁ። ሽፋኑ ደብዝዟል፤ ገጾቹ ተጣብቀዋል። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ አነበብሁ። ሽማግሌው ያሉት አለ። ጫኔ ያለው አለ። የጫኔ ወንድም ያለው አለ። የዋሱ ስም፣ የተቀመጡበት ዛፍ ዓይነት፣ የጠላው ገንቦ ብዛት ሳይቀር አለ። ስለ የሺ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ «ድንጋዩን አነሳች» ይላል። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ፣ በዚያ በሚያሳፍር የወጣትነት ጽሕፈቴ፣ «ድንቅ ነው! ቤቱ ዳነ!» ብዬ ጽፌያለሁ።

መንገድ ላይ የነገረችኝ ቃል የለም። ገልብጬ ፈለግሁ፣ የኋላ ሽፋኑን ሳይቀር አየሁ። የለም።

ቃሉን ግን አልረሳሁትም። እርቁ አልቆ፣ እልልታው ቀልጦ፣ ሁላችንም ወደ ቤቷ ስንሸኛት የሺ ከሰዎቹ ወደ ኋላ ቀርታ አጠገቤ ሆነች። ማንጎ ዛፎቹ መሐል በቀስታ «እቴ፣ ይህ ሰው እጄን ይሰብረዋል» አለችኝ። ደብተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነበር። ቃለ መጠይቁ አልቋል፤ ከቃለ መጠይቅ ውጭ የተባለ ነገር አይመዘገብም ተብዬ ተምሬያለሁ። ከዚያም ምን ብላት ጥሩ ነው? «አይዞሽ፣ ዋስ አለሽ እኮ!» አልኋት። ይህንን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ሦስት መነጽር አለ እላቸዋለሁ። በመጀመሪያው የሚያይ ቤተሰብን እንደ አንድ አካል ያያል፤ ሽምግልናውም እንደ ወጌሻ የተሰበረውን ያስራል። በሁለተኛው የሚያይ ጉልበቱና ንብረቱ በማን እጅ እንዳለ ይጠይቃል፤ መሬቱ የማን ነው፣ ታንኳው የማን ነው፣ ሴትዮዋ ብትወጣ የት ትገባለች ይላል። በሦስተኛው የሚያይ ሰዎች ነገሩን ምን ብለው እንደሚጠሩት ያዳምጣል፤ «ዱላ» ይሉታል ወይስ «አለመግባባት»? እኔ ያኔ ደቅ የሄድሁት የመጀመሪያውን ብቻ አድርጌ ነበር። ወጣት ነበርሁ፤ መነጽሩም ያምርብኝ ነበር።

ፀሐዩ ከፍ ሲል እንቅልፍ ይሁን ሰመመን ያዘኝ። ሞተሩ የራቀ መሰለኝ። ደንገል የጫነች አንዲት ታንኳ ድምፅ ሳታሰማ በጎናችን አለፈች፤ ቀዛፊው አየኝ፣ አየሁት፣ እጁን አላነሳም። የሺ ውኃው ላይ በነጭ ልብስ ስትሄድ፣ እኔም ከኋላዋ እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳዬን ስበረብር አየሁ። ቦርሳው ግን ውኃ ሞልቶታል። ቄሱ «ደረስን፣ ልጄ» ሲሉኝ ደብተሩን ደረቴ ላይ ጨብጬው ነበር።

ደቅ፣ ስድስት ሰዓት

የሺ ዳርቻው ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። አቅፋ ሳመችኝ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ደግሞ ግራ። ስታቅፈኝ የተሰማኝ አንድ እጇ ብቻ ነበር። ግራ እጇ ከክርኗ ላይ ታጥፎ ቀርቷል፤ ቦርሳዬን በቀኟ ተቀበለችኝ። ሳየው አየችኝ።

«ያኔ ባጨዳው ሰሞን ነው» አለችኝ፣ ስለ ዝናብ እንደምታወራ። «እርቁ በጽጌ ነበር አይደል? የገና ጾም እንደገባ ሰበረው። ወጌሻው አጣሞ አሰረው። በያ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ።»

ከኋላዋ በቀይ አፈሩ መንገድ ተከተልኋት። ግራና ቀኙ ማንጎ ነው፤ የወደቀው በስሎ ይሸታል፣ ንብ ወሮታል። ከዛፎቹ በስተጀርባ ሐይቁ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ብልጭ ይላል። ያን ቃል የነገረችኝ የትኛው ዛፍ አጠገብ እንደሆነ ልለይ ሞከርሁ፤ ሁሉም አድገዋል።

ቤቱ ስንደርስ አቶ ጫኔ ከመደቡ ተነስቶ ተቀበለኝ። ሸብቷል፤ ድምፁም ለስልሷል። ገና አረፍ ሳልል «ልጄን፣ መምህርት፣ ልጄን እንደ ከብት!» አለና እንባው መጣ። ከልቡ ነው፤ ማስመሰል አልነበረም። «እኔ እያለሁ ልጄን የሚነካት ማን አባቱ ነው? ካሳ ይክሳል፣ ጠንካራ ዋስ ይጠራል፣ ከዚያ ነው የምትመለሰው!» የሺ በታጠፈው እጇ ሞሰቡን ደግፋ በቀኟ እንጀራውን ትዘረጋለች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ደሜ ፈላ፣ ግን የተዘረጋልኝን እንጀራ ቆረስሁ። እንግዳ ነኝ ብዬ ራሴን አታለልሁ።

ውባለም ከጓሮ ቆሮሶ ዓሣ ትገፍፋለች። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ከእናቷ ትረዝማለች። ግራ ዓይኗ ሥር ያለው እብጠት ወደ ቢጫ ተለውጧል። አጠገቧ ጉቶ ላይ ተቀመጥሁ።

«ከረሜላ ሰጥተሽኝ ነበር፣ እትዬ» አለችኝ ሳትዞር። «አረንጓዴ። ስትጽፊ አይሽ ነበር። ሳድግ እንደሷ እጽፋለሁ እል ነበር።»

«ምነው ታዲያ?»

«ዳሩኛ!» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ጉንጯን ስላመማት ሳቁን ቆረጠችው። ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ነገ ባሌ አበጀ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። ካላነሳሁለት በእግዚአብሔር ስም የለመነኝን ሰው አልማርሁም፣ ክፉ እባላለሁ። ካነሳሁለት ደግሞ እመለሳለሁ። ድንጋዩን ካነሳሁ መመለስ ግዴ ነው?»

ጉሮሮዬን ጠራርጌ «እንግዲህ በሥርዓቱ መሠረት እርቅ ማለት የማኅበራዊ ግንኙነት…» ስል ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

«እትዬ፣ የጠየቅሁት አንቺን ነው እንጂ ሥርዓቱን አይደለም።»

«አላውቅም» አልሁ። በሕይወቴ እንዲህ እውነት የተናገርሁበት ቀን ጥቂት ነው።

«እኔ ግን ያቺን የእናቴን እጅ እያየሁ ነው ያደግሁት» አለችና ዓሣውን አነሳች።

ሐይቁ ዳር፣ ፀሐይ ስትጠልቅ

ለየሺ ልናዘዝላት ቆርጬ ነበር። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ተከተልኋት። ፀሐዩ ሊገባ ነው፤ ውኃው የመዳብ ቀለም ይዟል። ከሸንበቆው መሐል ጉማሬ አንኮራፋና ዝም አለ። ወዲያ ማዶ አንድ ሰው ታንኳው ላይ ቆሞ መረብ ይጥላል፤ እጁ ተዘርግቶ ጊዜው የቆመ መሰለኝ። እንዲህ ባለ ቦታ እንዴት ሰው ሰውን ይመታል የሚል የሞኝ ሐሳብ መጣብኝ። ውበቱ ያኔም ነበረ። ያኔም አታሎኛል።

«የሺ፣ ስለ ደብተሩ…»

«ይዘሽው መጣሽ አይደል?»

«ይዤዋለሁ።»

«እሱ ይበቃኛል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ጫኔ ‹ምን ብለሽ ታውቂያለሽ? ማን ሰማሽ?› ሲለኝ ‹አንዲት ሰው ሰምታኛለች፣ ጽፋውም ባሕር ዳር አስቀምጣዋለች› እለው ነበር። በልቤ ነው ታዲያ፣ ጮክ ብዬማ ምን ቆርጦኝ!» ብላ እንስራውን አዘለች። እንዴት ብዬ ልንገራት? ከኋላዋ ወጣሁ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከሾላው ሥር ተቀመጡ። ሦስት ናቸው። መሐል ላይ ያሉት መሪጌታ ይሄይስ ናቸው፤ ሁሉም የኔታ ይሏቸዋል። ያኔም የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ። አሁን ሰባዎቹን ሳያልፉ አይቀሩም። ሳያቸው ሆዴ ባባ፤ ያኔ ማስታወሻ ስይዝ ጸበል ጻዲቁን መጀመሪያ ለእኔ ያሰጡኝ እሳቸው ነበሩ። ክፉ ሰው አይደሉም።

አበጀ መጣ። ቀጭን፣ ዓይን አፋር፣ በመንገድ ባገኘው አቅጣጫ የምጠይቀው ዓይነት ልጅ ነው። የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ውባለም ፊት ተንበረከከ። አጎቱ ከጎኑ ቆሞ «አጥፍቷል፣ ሰይጣን አሳስቶት ነው፣ ትንሽ አለመግባባት ነው» አለ። የኔታ «ስለ ሥላሴ ብለሽ፣ ልጄ» አሏት። ሌሎቹም «ስለ እመቤታችን» አሉ። ደብተሩ ውስጥ ያለው ቃል ነው፤ አንድም አልተለወጠም። ውባለም እጇን አላነቃነቀችም። ያ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ሲቆይ የልጁ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሰውም ማጉረምረም ጀመረ።

ያኔ የሺ ከሴቶቹ መሐል ተነሳች። «የኔታ፣ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ይነበብልኝ።»

«ምን ይነበባል?»

«የእኔ እርቅ። ይቺ ሰው ጽፋዋለች።»

አቶ ጫኔ «ምን የሚሉት ቅሌት ነው!» ብሎ ብድግ አለ። የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን ነካ አድርገው አስቀመጡት። «ይነበብ» አሉ።

ቆምሁ። ገጹን ከፈትሁ። አነበብሁ። «ጫኔ አጥፍቷል፣ ሰይጣን አሳስቶት ነው።» «ትንሽ አለመግባባት ነው።» «ስለ ሥላሴ ብለሽ።» ሰዎች ዛሬ የተባለውን የምደግም መስሏቸው እርስ በርስ ተያዩ። ቀዩን ጽሕፈትም አልዘለልሁትም። «ድንቅ ነው! ቤቱ ዳነ!» ስል አንዲት አሮጊት «ኤዲያ!» አሉ፤ እኔን ነው፣ ይገባኛል።

«የእኔን ቃል አንብቢው እንጂ» አለች የሺ።

እንግዲህ መሸሺያ የለም። «የለም» አልሁ።

«ምን?»

«አልጻፍሁትም፣ የሺ። ደብተሩን ዘግቼው ነበር። ትናንት ልነግርሽ ፈርቼ ነው።»

ፊቷ ላይ የሆነውን መግለጽ አልችልም። አሥራ አምስት ዓመት በልቧ ያስቀመጠችው ነገር በአንድ ጊዜ ሲፈስ አየሁት። ቀስ ብላ ልትቀመጥ ስትል ድምፄ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ጮህሁ፤ «ግን ሰምቻለሁ! የኔታ፣ ይጻፍም አይጻፍም እኔ ምስክር ነኝ። ድንጋዩን ባነሳች በዚያው ቀን፣ ገና ቤቷ ሳትደርስ፣ ‹ይህ ሰው እጄን ይሰብረዋል› ብላኛለች። እኔም ዋስ አለሽ ብዬ መለስኋት። እጇ ይኸው!»

የኔታ ደብተሩን አምጪው አሉኝ፤ መነጽራቸውን አውጥተው ገጹን ፈለጉ። ከዚያ የዋሱን ስም ራሳቸው ጮክ ብለው አነበቡት፤ «መሪጌታ ይሄይስ።»

«ዋሱ እኔ ነበርሁ» አሉ። «የሺ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ቀን መጥቼ ጠየቅሁሽ?»

«ለገና መጥተዋል፣ የኔታ» አለች። «እጄ ታስሮ ነበር። ‹ምን ሆንሽ?› አሉኝ። ጫኔ ‹ወደቀች› አለዎት። ‹እመቤቴ ትማርሽ› ብለው ጠላዎን ጠጡ።»

የኔታ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። አቶ ጫኔ መሬት መሬት ያያል።

ውባለም ተነሳች። ወደ አበጀ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከማጅራቱ አነሳችው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። አጎቱ እፎይ አለ፤ ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እሷ ግን ድንጋዩን ከእናቷ አጠገብ አስቀመጠችው፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች፣ ተቀመጠችበት።

«ይቅር ብዬዋለሁ። ከእናቴ ቤት ግን የትም አልሄድም።»

«ታዲያ ይህ ምን እርቅ ነው?» አለ አጎትየው።

የኔታ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገልጠው መለሱለት። «እርቅ ነው። ልጁ ምሕረት ለመነ፣ ተሰጠው። እንድትመለስለት ግን እኔ ዋስ አልሆንም፤ ሌላም ሰው ዋስ ይሁን ብዬ አልጠራም። የቀራቸውን ወረዳ ሄደው በሕግ ይጨርሱ።» ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አበጀ እዚያው እንደተንበረከከ አለቀሰ። አዘንሁለት፤ ቢሆንም ውባለም ከድንጋዩ ላይ ስላልተነሳች ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ ወደ ቤት

ጠዋት አቶ ጫኔ ደህና ሁኚ አላለኝም። ላሞቹን ነድቶ ከቤት የወጣው ገና ሳልነሳ ነው። ከምሳ በኋላ የሺ አንድ ዘምቢል ማንጎ ይዛ እስከ ዳርቻው ሸኘችኝ። ከትናንት ጀምሮ እምብዛም አላነጋገረችኝም፤ መብቷ ነው።

«አትፈሪውም?» አልኋት ጀልባው ሲጠጋ።

«ይኮርፋል። እንጃ» አለች። ከዚያ ድንገት ፈገግ አለች። «ትናንት ገና ሳይጨልም የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ደጄ ድረስ መጡ። አልገቡም። እሱ እየሰማ ‹የሺ፣ ደህና ነሽ?› አሉኝ። ‹ነገም እመጣለሁ› አሉ። ሁልጊዜ ሊመጡ ነው መሰለኝ፣ በዚያ ጉልበታቸው!»

«የሺ፣ ይቅር በይኝ።»

«ድንጋይ የታለ?» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወች። «ደብተሩን ክፈቺ። አሁን ጻፊው።» ከቦርሳዬ እስክሪብቶ አወጣሁ። ዘምቢሉ ላይ አስደግፌ፣ «ድንጋዩን አነሳች» ከሚለው ሥር ቃሏን ጻፍሁት። አነበብሁላት። ማንበብ ባትችልም ጣቷን ቀለሙ ላይ አሳለፈችው፤ «በያ፣ ጀልባው ሊሄድብሽ ነው» አለችኝ።

ሲመለስ ሐይቁ ማዕበል ነበረው፤ ዝናቡ ሊገባ ነው። በዚያ ሁሉ መናወጥ መሐል ማንጎውን በእግሮቼ መሐል ይዤ ስለ ዋስ አሰብሁ። ጥናቴ ውስጥ ስለ ዋስ ስድስት ገጽ ጽፌያለሁ፤ ሥልጣኑ፣ ክብሩ፣ ማኅበራዊ ፋይዳው አለበት። ዋስ የሆነ ሰው ሄዶ በር ማንኳኳት እንዳለበት ግን አንድም ቦታ አልጻፍሁም። ባሕር ዳር ስንገባ የመንገዱ መብራቶች ገና አልበሩም፤ ዘንባባዎቹ በነፋስ ይታመሳሉ።

ዘንዘልማ የደረስሁት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ ከግድግዳው ማዶ ቴሌቪዥኑ ከፍ አለ። ከወዲያኛው ቤትም ከፍ አለ። ሪሞቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እጄ ወደሱ ሲሄድ ራሴን ያዝሁት። ከዘምቢሉ ስድስት ማንጎ አወጣሁና ሄጄ የሜሮንን በር አንኳኳሁ። ደግሞ በኃይል አንኳኳሁ። ቴሌቪዥኑ ጠፋ።

የከፈተው ባሏ ነው። «ምነው፣ በሰላም?» አለኝ።

«በሰላም። ከደቅ ማንጎ ይዤ መጥቼ ነው፤ ለሜሮን» አልሁና ከትከሻው በላይ አየሁ። ሜሮን ከኋላ ቆማለች፣ አንድ እጇ ጉንጯ ላይ ነው። «ሜሮን፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነበር የምሄደው። ማንጎውን ታቅፌ ቆምሁ። ባልየው ያየኛል፣ እኔ እሷን አያለሁ። በወዲያኛው ቤት ያለው ቴሌቪዥንም ድምፁ ዝቅ አለ።

«ነገም እመጣለሁ» አልኋት።

ሜሮን እጇን ከጉንጯ ላይ አወረደች። «ቆይ፣ እትዬ፣ ነጠላዬን ልልበስና አብሬሽ ልውጣ» አለች።